ከግርጌው የጎደለው ምርቃት

እሑድ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮተቤ

ማቲዬ፣

ጤናህን ጠይቄ ልጀምር፣ አንተ የእኔን ጠይቀህ ብትቀድመኝም። ከበበ ደብዳቤህን ትናንት መገናኛ ላይ ሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ ስከፍተው የበረሃችሁ አሸዋ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቀሚስ ላይ ተራገፈ። ባሌ ከአዋሽ ወዲያ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ካምፑ ስልክ አይሠራም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው ደብዳቤ የሚያመላልስልን ብዬ ነገርኳቸው። "እዚህ ሰማዩ ተቀዶ እየፈሰሰ፣ ውሃ ፍለጋ በረሃ ወረደ?" ብለው እስኪወርዱ ድረስ ሳቁብህ። እኔም አልተከላከልኩልህም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ የቀረኝ ደም ማነስ ነው አሉኝ፣ እንክብልም ሰጡኝ። ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ከስፌት መኪናው ቀና ስል ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይመጣል፣ ሌላው ደህና ነው። የንስሐ አባታችን ፍልሰታን እንዳልጾም ስለፈቀዱልኝ እናትህ ራሳቸው እንቁላል ይቀቅሉልኛል። እሳቸው ጾመኛ፣ እኔ እንቁላል በሊታ። ሲልጡልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው፤ እንዳልስቅ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ሁለተኛውም መልስ አዎ ነው፤ የሚመጣው እሑድ እወዳደራለሁ። ቆይ፣ ደብዳቤውን አታጥፈው። አምና እዚያ እንጦጦ ጫካ፣ ጉም ውስጥ የሆንኩትን እናውቃለን። ካርታው በእጄ፣ ኮምፓሱ ባንገቴ ነበር፤ ግን ባሕር ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝና ሥሩ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንተ መጥተህ እጄን ይዘህ አወጣኸኝ። አልተቀየምኩህም፣ ያኔ ካንተ የበለጠ ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ጫካ ስገባ የምፈልገው የተሰቀለውን ምልክት አይደለም፣ አንተን ነው። ዘንድሮ ደግሞ እስከ ጥቅምት አትመጣም። እሑድ ከዚያ ጫካ በራሴ እግር ካልወጣሁ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስፌቴን እሰፋለሁ። ማሸነፍ አላማረኝም። መመለስ ነው ያማረኝ።

የቡድናችን መሪ ሰኚ የሳምንቱን ልምምድ ለእኔ ቀለል አድርጋዋለች። የሾላ ደንበኞቼ አሁንም ነገሩ አልገባቸውም። ካርታና ኮምፓስ ይዘን እንጦጦ ጫካ ውስጥ የተሰቀሉ ጨርቆችን በተራ እየፈለግን የምንሮጥ ነን ስላቸው "ምን ጠፍቶባችሁ ነው?" ይሉኛል። ብርቱካንማና ነጭ ጨርቁን ራሴ ሰፍቼ፣ ሰኚ ወስዳ ደብቃው፣ እኔው ተመልሼ ስፈልገው ሲያስቡት አይፈረድባቸውም።

እማማ እንደ ልማዳቸው አጠገቤ ተቀምጠው የግርጌውን ምርቃት እያስጻፉኝ ነው፣ ቃላቸውን ሳልነካ አስቀምጣለሁ፦

"ልጄ ማቲዎስ፣ የረገጥከው ይለምልም፣ የቆፈርከው ይፍለቅ። አብረውህ ያሉትን ሁሉ ኪዳነ ምሕረት በጥላዋ ትያዝልህ። ራስህን ለፀሐይ አትስጥ። እናትህ ወለተጊዮርጊስ።"

ሐመልማል


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13
ካምፕ

ሐሙዬ፣

እንደምን ነሽ? ለወጉ አይደለም የምጠይቅሽ፣ ደም ያነሳት ሚስት ያለችው ሰው አጠያየቅ ነው።

ደብዳቤሽን ትናንት አመሻሽ ላይ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት እንደተለመደው የእማዬን ምርቃት ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ሠራተኛው ኮፍያውን አውልቆ "አሜን" አለ፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ነው የተነሣው። የቁፋሮ አለቃችንን ጋሽ ፈዬራን ነግሬሻለሁ። መሬት ሲበሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ የእማዬ ምርቃት ሳይነበብ ማሽን አያስነሡም። አንድ ቀን ከበበ ዘግይቶ የድሮውን ደግሜ ባነብላቸው "ይሄንን ሰምተነዋል" ብለው ተቆጡኝ።

አትወዳደሪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ቀለሜን አልጨርስም። ብቻሽን ጫካ አትግቢ፣ እሱን ብቻ እለምንሻለሁ። አምና አንቺን ፍለጋ በጉሙ ውስጥ ስሮጥ ያ ሁሉ ዛፍ ለእኔም አንድ ዓይነት ነበር። እጅሽን የያዝኩት አንቺን ላወጣ ብቻ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ልመናዬ እማዬ ናት። ከጫካው ሥር ካለችው ኪዳነ ምሕረት ደጅ በላይ አንድ እርምጃ እንዳትወጣ። ጥር ላይ በደረቁ መንገድ ወድቃ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ አይተሻል፤ አሁን ደግሞ ጭቃ ነው። ስሜን ጠርተሽ ንገሪያት። የሰኞው ልምምድ እንዴት ነበር? አብሮሽ የነበረውስ ማን ነው? እዚህ ጠዋት ጠዋት በጣም ይበርደናል፣ ብነግርሽ አታምኚም።

ማቲዎስ


ረቡዕ፣ ነሐሴ 14
ኮተቤ

ማቲዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ቆሜ ነው። ከበበ መገናኛ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ ማጠሩን ይቅር በለኝ።

ሰኞ በካራ በኩል ባለው መንገድ ሮጥኩ። ሮጥኩ ማለት ነውር ነው፤ ጭነት የያዘች አህያ አልፋኝ ሄዳለች። ትናንትም ወጣሁ፤ ቡሄ ስለነበር ከሥር የጅራፉ ጩኸት፣ ከላይ ጉሙ። ሰኚ ጥቂት ምልክቶች ሰቅላልኝ ነበር። አውራ ጣቴን ያለሁበት ቦታ ላይ አድርጌ፣ እኔ ስንቀሳቀስ እሷንም ካርታው ላይ እያንቀሳቀስኩ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳይቸግሩኝ ተገኙ። ከጅረቱ ማዶ ያለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዴት እንደተመለስኩ ስትመጣ እነግርሃለሁ።

ብቻሽን አትግቢ ላልከኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

እማማን ለጠየቅኸው ሰላም ናቸው፣ ምንም አታስብ። ዛሬ ምርቃቱ አልተጻፈም፣ ጊዜ አጥሮ ነው። የአባትህን ጋቢ ከሳጥኑ አውጥቼ ልኬልሃለሁ። እዚህ ተቀምጦ ምን ያደርጋል፣ አንተ ጋ ቢሆን ይሻላል።

ሐመልማል


ሐሙስ፣ ነሐሴ 15
ካምፕ

ሐሙዬ፣

ጋቢው ደረሰኝ። ለብሼው ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤሽን ይዤ ሠራተኛው ፊት ቆምኩ፣ ግርጌው ባዶ ነበር። ጋሽ ፈዬራ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩ፣ ፖስታውን አራገፉ። ከዚያ መለሱልኝ። ማሽኑ ግን አልተነሣም፤ የሚጠገን ነገር አለው ብለው ሲጎረጉሩት ዋሉ።

እኔ ወደ አዋሽ መንገድ የሚወጣ መኪና ለምኜ ኔትወርክ ያለበት ድረስ ሄድኩ። ያንቺ ስልክ ዝግ ነው። የእማዬ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ብታነሡትስ ምን ትሉኝ ነበር?

ሐሙዬ፣ ያንን ሳጥን ማን ከፈተው? እማዬ ለእኔ እንኳ ከፍታው አታውቅም። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር።

አላስጨንቅሽም፣ አንቺም ታመሻል። አንድ ቃል ብቻ ከአፏ ተቀብለሽ ጻፊልኝ። ምርቃት ባይሆን ስድብም ይሁን።

ማቲዎስ


ዓርብ፣ ነሐሴ 16
ኮተቤ

ማቲዬ፣

እንኳን ለፍልሰታ በዓል አደረሰህ። ጾሙ ስላለቀ እንቁላሌን ከነገ ጀምሮ ፊት ለፊት ነው የምበላው።

የለመንከኝን ማድረግ ስላልቻልኩ ይቅር በለኝ። ቃል እንድቀበልልህ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ መናገር አልችልም፣ ማተቤን ይዤ ምያለሁ። ስትመጣ ሁሉንም ትሰማዋለህ፣ ያኔ አብረን እንሆናለን። እስከዚያ ልብህን ጠንከር አድርግ። ስልኩን ያላነሣነው ቤት ስላልነበርን ነው፤ ኪዳነ ምሕረት ነበርን። ሳጥኑን የከፈትኩት በፈቃድ ነው፣ በዚያ አትዘን።

እኔን በተመለከተ፣ የትናንቱ ልምምድ ጥሩ ነበር። ጉሙ እንደ ነጭ ግድግዳ ቆሞ ነበር፤ ጅረቱን በግራ እጄ ይዤ ተከትየው ወጣሁ እንጂ አልተቀመጥኩም። እግሬ ግን አሁንም የእኔ አይመስለኝም፤ ጠዋት ጫማ ሳስር እንኳ ይደክመኛል። ጎረቤቱ ሁሉ አዝኖልኛል። አይናለም ትናንት ሽሮ ይዛ መጣች፣ ዛሬ ምስር። ሌሎቹም ድስት እየያዙ ሲገቡ ሲወጡ ነው የሚውሉት፤ ምድጃ አጠገብ እንዳልቆም ብለው ነው። ሰው መቼም በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው የሚታወቀው።

ለእሑድ ጸልይልኝ።

ሐመልማል


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17
ካምፕ

ሐመልማል፣

ገብቶኛል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ወጉ ነው። አባዬ ያረፈ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ከቤት የሚመጣው ሁሉ ሰላም ነን፣ ምንም አታስብ ይለኝ ነበር። አንድ ጠዋት አክስቴ ከዘመድ ጋር መጥታ "ትንሽ አሞታል፣ ና እንሂድ" ብላ ወሰደችኝ፤ ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። መርዶ በስልክና በወረቀት አይነገርም። አንቺም አልነገርሽኝም፣ ግን ትናንት ከበበን አፋጥጬ ጠየቅኩት። መገናኛ ስትመጪ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ እንደነበር፣ ዓይንሽም ደም መስሎ እንደነበር ነገረኝ። "እናትህን ግን አላየኋቸውም" አለና ፊቱን አዞረ።

ጋሽ ፈዬራ ሥራ አስቁመዋል። ሰው ሁሉ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ምርቃቷን በየጠዋቱ ይሰማ የነበረ ሁሉ። አንዱ የድሮዎቹን ደብዳቤዎች አምጥቶ ምርቃቶቹን በተራ እያነበበ አስለቀሰን። ራሴን ተላጭቻለሁ።

ይህን ከበበ ቀድሞ ያመጣልሻል። እኔ ማሽኑን አስረክቤ ከጋሽ ፈዬራ ጋር ከሰዓት በኋላ እነሣለሁ፣ ነገ ጠዋት እደርሳለሁ። የክረምት ለቅሶ ስለሆነ የካምፑን ትልቁን ሸራ ለድንኳን ይዘን እንመጣለን።

አንቺ እንግዳ ቆመሽ አትቀበዪ፣ ደም የለሽም። አጠገቧ አንቺ እንደነበርሽ አውቃለሁ። እሱ ያጽናናኛል።

ማቲዎስ


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17፣ ከሰዓት በኋላ
ኮተቤ

ማቲዬ፣ ማቲዬ፣

እናትህ አልሞቱም። ደግሜ ልጻፈው፣ እማማ አልሞቱም፣ አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቅባት እያሹ ነው። ስልክህ ላይ እየደወልኩ ነው፣ አይገባም። ከበበ መኪናውን ሊያዞር ስለሆነ ይህን ይዞ ይሮጣል። መንገድ ላይ ከተገናኛችሁ በእግዜር ስም ቆመህ አንብበው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ዞሮብኝ ደጃፉን ያዝኩ። እማማ አዩኝ። "ብቻሽን አትሄጂም" አሉና ጃንጥላቸውን አነሡ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጫካው ጫፍ ድረስ አብረውኝ ወጡ፣ ድንጋይ ላይ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ፣ የሰኚን ፊሽካ ተቀብለው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ጉም ሲወርድ ይነፋሉ፣ እኔ ድምፁን ተከትዬ እመለሳለሁ። ማክሰኞ ዓይኔ ጨልሞ በተቀመጥኩ ጊዜ የመለሰኝ ያ ፊሽካ ነው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ለእኔ ሲነፉ ብታያቸው ኖሮ ጉልበታቸውን ትረሳው ነበር።

አንተ ከደጁ በላይ እንዳትወጣ ብለህ በጻፍክ ጊዜ አነበብኩላቸው። ማተቤን አስይዘው እንዳልነግርህ አስማሉኝ። እኔም ማልኩ። ረቡዕ "ሰላም ናቸው፣ ምንም አታስብ" ብዬ ጽፌ ለግርጌው ቃላቸውን ስጠይቃቸው ግን እምቢ አሉኝ። "አለመናገር ያንቺ ጉዳይ ነው። ምርቃቴን ከሥሩ ካኖርኩ ግን ልጄን አብሬ አታለልኩት ማለት ነው፣ ያውም በፍልሰታ። እውነቱን እስኪያውቅ አልመርቅም" አሉ። ጋቢውን ላኪለት ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሳጥኑን በገዛ ቁልፋቸው ከፍተው። ስለ ምርቃቱ ስላፈሩ ይመስለኛል።

ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩት ጥለቱ ጭቃ እንዳይነካው ነበር። ዓይኔም የደም ማነስና የጉንፋን ዓይን ነው። የጻፍኩልህን አሁን መለስ ብዬ ሳስበው እያንዳንዱ ቃል መርዶ ነው፤ ስጽፈው አንዱም አልታየኝም። ምን ዓይነት ሚስት ናት ባልዋን በስድስት መስመር የምታስለቅሰው? ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "ራሱን ተላጨ?" ብለው ጠየቁ። አዎ አልኩ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ። "ልጄን አስለቀስኩት" አሉ። "እኔ ልጄን እንዳልዋሸው ብዬ አስለቀስኩት። ከመሐላሽ ፈትቼሻለሁ፣ ሁሉንም ጻፊለት።"

ነገ ልቅርና ቤት ልጠብቀው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ልጄ የሚመጣው እኔን ሊቀብር ነው፣ አንቺን አይደለም። ሂጂ፣ ሩጪ" አሉኝ። ቤቱን አይናለም ትጠብቃለች፤ ከደረስክ ነገሩን እሷ ትነግርሃለች። እማማ ነገም ይወጣሉ፣ ግን ፊሽካውን ለውድድሩ ማስጀመሪያ ብቻ ሊነፉት ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ጉም ቢወርድም አይነፉም። እንድመለስ የፈለግኩት በራሴ ስለሆነ።

ሐመልማል


ረቡዕ፣ ነሐሴ 21
ካምፕ

ሐሙዬ፣

በሰላም ገብተናል። የቅዳሜው ደብዳቤሽ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከበበን መንገድ ላይ አላገኘነውም፤ አዳማ ላይ እኛ ሸራውን ስናጠብቅ እሱ አልፎን መሆን አለበት። ሁሉንም ከኖርኩት በኋላ ሳነበው ግን እንደ አዲስ ሆነብኝ፣ "እናትህ አልሞቱም" የሚለው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ቀን ሳትሰሚው የቀረሽውን እንድነግርሽ ጠይቀሻል። ጠዋት ስንደርስ ቤት መግባት አቃተኝ። ጋሽ ፈዬራን ቀጥታ ወደ ኪዳነ ምሕረት ንዱልኝ አልኳቸው። አባዬ ጎን አዲስ አፈር ፈለግኩ። የለም። አንዱን መቃብር ከሌላው እያየሁ፣ ጭቃው ውስጥ እየዞርኩ፣ እናቴን የት እንዳኖሯት ማወቅ አቅቶኝ ቆምኩ። እንዲያ ስሆን ከላይ ፊሽካ ተነፋ። ረጅም፣ ትንፋሽ የማይቆጥብ። ፊሽካ ለቀብር እንደማይነፋ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ግን እግሬ ወደዚያ ሄደ።

ስወጣ እናንተ ገብታችኋል፣ ጫካው ጫፍ የቀረው ጥቂት ሰው ነው። ድንጋይ ላይ፣ ጆንያ ላይ፣ ጃንጥላ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አየችኝ። "ፀጉርህ ያምርብህ ነበር" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልጽፍም፣ ጋሽ ፈዬራም ለካምፑ ሰው እንዳይነግሩብኝ አስምያቸዋለሁ፤ ነግረዋል።

ዝናቡ ሲመጣ ሸራውን ምን እናድርገው አሉ። እማዬ "ለእኔ አይደል ያመጣችሁት? ትከሉት እንጂ" አለች። ተከልነው። የለቅሶዬ ድንኳን ሥር ተቀምጣ፣ እርጥብ ሆኖ የሚወጣውን ሯጭ ሁሉ "እንኳን ገባህ፣ እንኳን ገባሽ" እያለች ተቀበለች።

ሯጮቹ እየተመለሱ አለቁ። አንቺ ቀረሽ። ጉሙ ድንኳኑ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ሰኚ ትንሽ እንጠብቅ አለች። እኔ ተነሣሁ። አንቺን ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ነው ያየሁሽ፣ በዓይኔ በብረቱ እንደማየው። እማዬ እጄን ያዘችኝ። "ተቀመጥ። ትመጣለች" አለች። ፊሽካውን እንድትነፋው ለመንኳት። በሌላ እጇ ጨብጣው አልነፋችም። እንደ እኔው ፈርታ ነበር፣ ግን አልለቀቀችኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ መቀመጥ ተቀምጬ አላውቅም።

ከዚያ አንቺ ወጣሽ። ሌላውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ውስጥ ምን እንደሆንሽ ግን አልነገርሽኝም፣ ስንሳሳቅ አለፈ። ጻፊልኝ።

መላጣዬ በፀሐይ ተቃጥሏል። ማሽኑ አሁንም ቆሟል፤ ጋሽ ፈዬራ ምርቃት እየጠበቁ ነው።

ማቲዎስ


ዓርብ፣ ነሐሴ 23
ኮተቤ

ማቲዬ፣

ጋሽ ፈዬራን ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ከግርጌ የሚጠብቁት አለ። እንክብሉን እየዋጥኩ ነው። ከትናንት ጀምሮ ከስፌት መኪናው ስነሣ ደጃፉን አልያዝኩም።

የጠየቅኸኝ ይኸውልህ። ከጅረቱ ማዶ፣ ቋጥኙ ሥር ያለውን ምልክት ካገኘሁ በኋላ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። ገና ሌሎች ቀርተውኝ ነበር። ጉሙ ወረደ። ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፣ አዎ፣ እንደ አምናው። ፊሽካ እሰማ እንደሆን ጆሮዬን አቆምኩ፤ እንደማይነፋ አውቃለሁ፣ ግን አቆምኩ። አልተነፋም። አንተም አልመጣህም። ትንሽ አለቀስኩ፣ ይህንንም እውነቱን እንድጽፍ ታዝዣለሁ።

ከዚያ አውራ ጣቴን አየኋት። ካርታው ላይ ያለሁበት ቦታ ላይ ነበረች፣ ከቋጥኙ አልተነሣችም። ስለዚህ አልጠፋሁም ማለት ነው፤ ደክሞኝ ነው እንጂ። የቀሩትን ምልክቶች ተውኳቸው። ኮምፓሱን ወደ መነሻው አስተካክዬ፣ አንዱን ዛፍ እያየሁ እሱ ጋ ስደርስ የሚቀጥለውን እያየሁ መጣሁ። ስወጣ ሰማያዊ ሸራ አየሁ፣ ሥሩ እማማን አየሁ፣ አጠገባቸው የማላውቀው መላጣ ሰው እጃቸውን ይዟል። ማነው የእኚህን ሴት እጅ እንዲህ የሚይዝ ብዬ ተቆጣሁ። ቀረብ ስል አንተ ነህ።

ሰኚ ምልክቶቹን ስላልጨረስኩ ውጤት አልመዘገበችልኝም። ካርታውን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም፣ ለመስከረም አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

እማማ ከላይ ያለውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል። "እውነት ነው፣ ጻፊ" ብለዋል፦

"ልጄ ማቲዎስ፣ የረገጥከው ይለምልም፣ የቆፈርከው ይፍለቅ፣ አብረውህ ያለቀሱትን ሁሉ በደስታ ይካስልህ። ፀጉርህ እስኪያድግ ኮፍያ አድርግ። ከደጁ በላይ እወጣለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው። ሰው የራሱን ለቅሶ አያይም፤ እኔ አየሁት፣ ደግ ለቅሶ ነበር። እንግዲህ ለእኔ አልቅሰህ ጨርሰሃል። የእውነተኛው ቀን ሲመጣ ያንኑ ሸራ ትከልና ሥሩ ተቀመጥ። እንዳለፈው እሑድ እጅህን እንደያዝኩህ አስብ። እናትህ ወለተጊዮርጊስ።"

ሐመልማል